ማሽኑ ሲቆጣን፦ የኮምፓይለር ስሕተት ታሪክ

[የመግቢያ ሙዚቃ]

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ኮድ ስንጽፍ ስክሪኑ ላይ በቀይ ስለሚወጣው የስሕተት መልእክት ነው። "እሱ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" እንዳትሉኝ። አለው፣ ያውም ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ። እኔ ራሴ መልእክቱን መፍራት ያቆምኩት ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። በሲ ቋንቋ የሚሠራ የቤት ሥራ አለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መግባት አለበት። ሁለት መቶ መስመር ያህል ጽፌ ኮምፓይል አልኩት። 63 ስሕተት! ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ። ክፍሌ ውስጥ አብዛኞቹ ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ ጀምረው ኮድ የጻፉ ናቸው። እኔ ባግሩት የወሰድኩት በሌላ ትምህርት ነው። ከኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሁለት ብቻ ነበርን። ያን 63 ሳይ ማሽኑ "ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም" ያለኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ በማግስቱ ሄጄ ትምህርቱን ለመቀየር ወስኜ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ያኔ እማዬ ከኩሽና ጠራችኝ። "ልጄ፣ ነዪ እስቲ ይቺን ደብዳቤ አንብቢልኝ።"

ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። እኛ ልጆች የቤቱ አስተርጓሚ ሆነን ነው ያደግነው። ከመሥሪያ ቤት፣ ከባንክ፣ ከጤና ድርጅት ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢዎቹ እኛ ነን። እኔ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ አንብቤያለሁ። መጀመሪያ ላይ አለቅስ ነበር፤ ቃሉ ትልልቅ፣ ዐረፍተ ነገሩ ረጅም፣ ታች ላይ ደግሞ ቅጣት የሚል ነገር። በኋላ ግን ዘዴ አገኘሁ። ሁሉንም ቃል ማወቅ አያስፈልግም። ከማን ነው? ስለ ምንድን ነው? ምን አድርጉ ይላል? እነዚህን ሦስት ነገሮች ካገኘሽ ሌላው ማስፈራሪያ ነው። ያን ዕለትም ለእማዬ እንደዚያው አነበብኩላት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና "እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!" አለች።

ወደ ክፍሌ ስመለስ አሰብኩ። ይህ ቀይ ነገር ራሱ ደብዳቤ አይደለም እንዴ? የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ አነበብኩ። የፋይሉ ስም፣ 42ኛ መስመር፣ ከዚያ የሆነ ነገር እዚህ አልጠበቅሁም ይላል። 42ኛው መስመር ትክክል ነበር። 41ኛው ላይ ግን አንድ የተረፈ መዝጊያ ቅንፍ አገኘሁ። ቅንፏ ፈንክሽኑን ከጊዜው በፊት ዘግታዋለች፤ ከሷ በታች ያለው ኮድ ሁሉ ውጭ ቀርቷል። ሰረዝኳት። 63ቱ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ ቀረ። ስለነሱ በኋላ እነግራችኋለሁ፣ እነሱም ዋጋ አስከፍለውኛል።

እንዴት አንድ ቅንፍ 63 ስሕተት ትወልዳለች? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ታሪኩ የገባሁት።

ማሽኑ ዝም ሲል

ያደግሁት ረሖቮት ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ኮምፒውተር የተሠራው እዚያው ረሖቮት፣ ቫይዝማን ተቋም ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስሙ ቫይዛክ ነው። ከ1954 እስከ 1955 ጄራልድ ኤስትሪን በሚባል መሐንዲስ መሪነት ተሠራ፣ ባለቤቱ ቴልማ ኤስትሪንም መሐንዲስ ሆና አብራ ሠርታለች። እስከ 1963 መጨረሻ አገልግሏል። ቫይዛክ ሥራ ሲጀምር ፎርትራን ገና አልወጣም ነበር፣ ፕሮግራም የሚጻፈው ማሽኑ በሚገባው ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ከተሳሳትክ ማሽኑ "ተሳስተሃል" አይልህም። የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስሕተቱን የመፈለግ ሸክም በሙሉ የሰው ነበር።

"በግ" የሚለውን ቃል የማታውቁ ካላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ ሁለት በሚባለው ማሽን ውስጥ ሠራተኞች የሞተች የእሳት ራት አገኙ፣ መዝገቡ ላይም በፕላስተር ለጠፏት። ብዙ ሰው ቃሉ ከዚያ ቀን የመጣ ይመስለዋል። ግን ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በደብዳቤው ቃሉን ለቴክኒክ ችግር ተጠቅሞበታል። ማርክ ሁለት ላይ የነበሩትም ነገሩን እንደ ቀልድ ነው የጻፉት፤ "እውነተኛ በግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው" ብለው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ግሬስ ሆፐር የምትባል የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን ነበረች። በ1952 ኤ ዜሮ የሚባለውን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። ቀድሞ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ከቴፕ ላይ እየሰበሰበ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። "ኮምፓይለር" ያለችው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ማጠናቀር፣ ከየቦታው መሰብሰብ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰዎች አላመኗትም ነበር፣ ኮምፒውተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም ብለው።

አንዲት ኮማ

ከዚያ 1957 መጣ። ጆን ባከስና ጓደኞቹ አይቢኤም ውስጥ ዓመታት ፈጅተው ፎርትራንን ጨረሱ። ሒሳቡን እንደ ሒሳብ ትጽፋለህ፣ ማሽኑ ወደ ራሱ ቋንቋ ይለውጠዋል።

አሁን የምነግራችሁን በጣም እወደዋለሁ። በአፕሪል 1957 ፒትስበርግ አጠገብ ወዳለው ወደ ቤቲስ የኑክሌር ላብራቶሪ አንድ ጥቅል ካርድ ደረሰ። ምንነቱ አልተጻፈበትም። ኸርበርት ብራይትና የሥራ ባልደረቦቹ ይህ የተባለው ፎርትራን ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት፣ አንድ ፕሮግራምም ሰጡት። ማሽኑ ሠርቶ ሠርቶ ምን መለሰ? የስሕተት መልእክት! ይህ ዓይነት ትእዛዝ ላይ ከቀኝ ቅንፍ በኋላ ኮማ መኖር ነበረበት፣ ግን የለም አለ። አዩት፣ እውነት ነው። ካርዱን አርመው መልሰው አስገቡት፣ ፕሮግራሙ ሠራ።

እስቲ አስቡት። ፎርትራን ከአይቢኤም ውጭ ለተጠቃሚ ሲወጣ ከተናገራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ "ኮማ ረስተሃል" የሚል ነው። ተቀባዮቹ ደግሞ ጀማሪ አልነበሩም፣ ለኑክሌር ማመንጫ ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማታ እናንተ ኮማ ብትረሱ በማን መንገድ ላይ እንዳላችሁ እወቁት።

ለምን በብዛት ይወርዳል?

አሁን ወደ 63ቱ እንመለስ። በ1960ዎቹ ፕሮግራም የሚጻፈው በካርድ ላይ ነው፣ በአብዛኛው አንድ መስመር በአንድ ካርድ። ካርዱን ለኦፕሬተሩ ትሰጣለህ፣ ወረፋ ትጠብቃለህ፣ ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይመጣል። በቀን አንድ ስሕተት ብቻ ቢነገርህ፣ አሥር ስሕተት ያለበት ፕሮግራም አሥር ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ስለዚህ የኮምፓይለር ሠሪዎች አንድ ነገር ወሰኑ። የመጀመሪያው ስሕተት ላይ መቆም የለበትም፤ ቀጥሎ የቻለውን ሁሉ ይንገር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፓይለር ስሕተት ካገኘ በኋላ ለመቀጠል መገመት አለበት። "ይህ ሰው ምን ሊል ፈልጎ ነው?" ይላል። ወይ የሚቀጥለው ሰሚኮለን እስኪደርስ ይዘላል፣ ወይ የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላል። ግምቱ ከሳተ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ስሕተት ይመስለዋል። አያቴ ሸማኔ ነበር። ድሩ መጀመሪያ ላይ ከተሳሳተ ታች ያለው ጥለት ሁሉ ይጣመማል፣ ግን የሚፈታው ከላይ ነው ይላል። የኔ 63 እንዲያ ነው። ስሕተቱ አንድ ነበር፣ 62ቱ ኮምፓይለሩ መንገድ ስቶ ያየው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ከታሪክ የመጣ ነው። ወደ ላይ ውጡ፣ የመጀመሪያውን አንብቡ፣ እሱን ብቻ አርሙ፣ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። ዛሬ ወረፋ የለም፣ ካርድ የለም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም መሞከር ያለፈ ዘመን ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ኮምፓይለር የሚጠቁመው ችግሩን ያስተዋለበትን ቦታ ነው፣ ችግሩ የተፈጠረበትን አይደለም። ሰሚኮለን ብትረሱ የሚያውቀው የሚቀጥለውን መስመር ማንበብ ሲጀምር ነው። ስለዚህ 42 ሲላችሁ 41ንም እዩ።

ለተማሪ የተሠሩ ኮምፓይለሮች

ከኛ በፊት ለኛ ያሰቡልን ሰዎች ነበሩ። በ1965 ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ዋትፎር የሚባል የፎርትራን ኮምፓይለር ተሠራ። ዓላማው ተማሪ ነው፤ ቶሎ ይጨርስ፣ ስሕተቱን በሚገባ ይንገር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ኮንዌይና ቶማስ ዊልኮክስ ፒኤል ሲን ሠሩ። ይህ ለየት ያለ ነበር፤ ስሕተት ሲያገኝ እምቢ አይልም። ራሱ አርሞ፣ በምን እንደተካው አትሞ፣ ፕሮግራሙን ለማስኬድ ይሞክራል። ተማሪው አንድ ቀን ሙሉ ጠብቆ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው። አንዳንዴ ማስተካከያው ትክክል ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተማሪው ያላሰበውን ነገር ጽፎ ያስኬድለታል። ዛሬም ኤዲተራችሁ "ይህን ልትል ፈልገህ ነው?" ሲላችሁ ያን አስታውሱ። ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው።

በ1983 ቦርላንድ ቱርቦ ፓስካልን ሲያወጣ ነገሩ ተገለበጠ። በግል ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ማድረግ ሴኮንዶች ብቻ ሆነ። ስለዚህ ቱርቦ ፓስካል የመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይቆማል፣ ኤዲተሩን ይከፍታል፣ ጠቋሚውን እዚያው ቦታ ያደርግላችኋል። አንድ ስሕተት፣ አንድ ማረሚያ፣ እንደገና። ብዙ ሰው ኮድ የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ማስጠንቀቂያ ማን ይሰማል?

አሁን ስለ ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎቼ። የ1960ዎቹ የአይቢኤም ኮምፓይለሮች መልእክትን በደረጃ ይከፍሉ ነበር፤ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 8 ስሕተት፣ 12 ከባድ ስሕተት። ማስጠንቀቂያ ማለት "የጻፍከው ቋንቋው የሚፈቅደው ነው፣ ግን እርግጠኛ ነህ?" ነው።

የሲ ቋንቋ ቤል ላብስ ውስጥ ሲወለድ ኮምፓይለሩ ትንሽና ፈጣን እንዲሆን ስለተፈለገ ብዙ ነገር ዝም ብሎ ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ እዚያው የሚሠራው ስቲቨን ጆንሰን በ1978 ሊንት የሚባል የተለየ ፕሮግራም አወጣ። ሊንት ልብስ ላይ የሚቀር ብናኝ ክር ነው። ኮዱ ይሠራል፣ ሊንት ግን ብናኙን ይለቅማል። በኋላ ይህ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፓይለሮቹ ራሳቸው ገባ።

የኔ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሊንት ሊይዘው የሚችለው የታወቀ ስሕተት ነበር። ኢፍ ውስጥ == በማድረግ ፈንታ = ብቻ ጽፌያለሁ። ማወዳደር ትቼ እሴት ሰጠሁ፣ እሴቱም ዜሮ ስላልሆነ መልሱ ሁልጊዜ እውነት ይሆናል። ኮምፓይለሩ ነገረኝ። እኔ ግን ከ63 ወደ ዜሮ በመውረዴ ተደስቼ፣ ሰዓቱም ደርሶ፣ ዘለልኩትና አስረከብኩ። ውጤቱ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከግማሽ በላዩ ፈተና ላይ ወድቋል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ተነግሮኛል።

የኔ በነጥብ አለፈ። የዓለም ግን እንዲህ አላለፈም። በፌብሩዋሪ 2014 አፕል ለስልኮቹ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ምክንያቱ፣ የኢንተርኔት ግንኙነት እውነተኛ መሆኑን በሚያረጋግጠው ኮድ ውስጥ "ጎቱ ፌይል" የምትል አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ኢፉ ጥምዝ ቅንፍ ስላልነበረው ሁለተኛዋ ሁልጊዜ ትሠራለች፣ ስለዚህ ዋናው ማረጋገጫ ይዘለላል። ከሷ በታች ያለው ኮድ ፈጽሞ ሊደረስበት አይችልም። ይህን የሚያስጠነቅቅ አማራጭ ክላንግ በሚባለው ኮምፓይለር ውስጥ ነበረ፤ ግን ለብቻው ካልጠሩት አይናገርም። በ2016 ጂሲሲ 6 ሲወጣ አሳሳች ገብ ያለበትን እንዲህ ያለ ኮድ የሚያይ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ።

ሌላው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2006 ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ውስጥ አንድ ባለሙያ፣ ቫልግሪንድ የሚባል መመርመሪያ ኦፕን ኤስኤስኤል ላይ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ሁለት መስመር አስወጣ። ከነሱ አንዷ ግን የምስጢር ቁልፍን የማይገመት የምታደርገው ነበረች። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ቁልፎች ከ32,768 የማይበልጥ መነሻ ብቻ ኖራቸው፤ አንድ ኮምፒውተር ሁሉንም ቆጥሮ መሞከር ይችላል። ይህ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት ያህል አልፏል።

አንዱ ማስጠንቀቂያውን አልጠራውም፣ ሌላው ሳይገባው አፉን ዘጋው። ስለዚህ ሦስተኛው ምክር፦ ማስጠንቀቂያዎቹን ከመጀመሪያው ቀን አብሯቸው፣ እያንዳንዱንም ለምን እንደመጣ ለራሳችሁ ማስረዳት እስክትችሉ አታጥፉት። ለእማዬ ደብዳቤውን ሳላነብ "ምንም አይደለም" ብዬ ብቀደው ምን ይሆናል? እንደዚያው ነው።

ማሽኑ ሰው ቋንቋ ሲማር

ለረጅም ጊዜ መልእክቶቹ ለኮምፓይለር ሠሪ እንጂ ለጀማሪ የተጻፉ አልነበሩም። ከ2007 ጀምሮ በይፋ የተከፈተው ክላንግ የተሳሳተውን መስመር ራሱን አሳይቶ ከሥሩ በቀስት መጠቆምን መለያው አደረገ። ጂሲሲም በ2013 ተከተለ። በ2015 የኤልም ቋንቋ ሠሪ ኢቫን ቻፕሊኪ የስሕተት መልእክት ለሰው ተብሎ መጻፍ አለበት ብሎ ሁሉንም እንደገና ጻፈ። በዚያው ዓመት 1.0 የደረሰው ረስት ለስሕተቶቹ ቁጥር ሰጠ፣ በቁጥሩ ብትጠይቁት ከምሳሌ ጋር ያብራራላችኋል። ፓይተንም በኦክቶበር 2021 በ3.10 "ይህ ቅንፍ አልተዘጋም" ብሎ የተከፈተበትን ቦታ መጠቆም ጀመረ።

እኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለብን፤ ሦስት ኪቦርድ። እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አማርኛ። አንድ ቀን ፓይተን ውስጥ ለእማዬ በአማርኛ ጽሑፍ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ስጽፍ፣ በ : ቦታ የኛን ፡ ጻፍኩ። ለዓይን አንድ ናቸው። ፓይተን ግን ይህ ፊደል እዚህ አይፈቀድም ብሎ የዩኒኮድ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ 1361። ቁጥሩን ስፈልገው "የኢትዮጵያ የቃል መለያ" የሚል ስም ወጣ። ብቻዬን ሳቅሁ። የኛ ሁለት ነጥብ በስሕተት መልእክት ውስጥ!

እንግዲህ ይህን ነው ላካፍላችሁ የፈለግሁት። ያ ቀይ ጽሑፍ ፍርድ አይደለም። ከካርዱ ዘመን ጀምሮ ሰዎች ቁጭ ብለው፣ "ይህን የሚያነብ ሰው ምን ይረዳዋል?" እያሉ የጻፉት ደብዳቤ ነው። አንዳንዱ ክፉኛ ተጽፏል፣ ግን ደብዳቤ ነው። ፋይሉ የቱ ነው? መስመሩ ስንት ነው? ምን ጠብቆ ምን አገኘ? ካልገባችሁ መልእክቱን እንዳለ ገልብጣችሁ ፈልጉ፣ ወይም ጓደኛ ጠይቁ። ስትጠይቁም "አልሠራልኝም" አትበሉ፣ መልእክቱን አሳዩ።

ትምህርቱን አልቀየርኩም፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ልጆችን በሳምንት አንድ ቀን አስጠናለሁ። ባለፈው አንዲት የኛ ልጅ ላፕቶፗን ወደኔ አዙራ "ተመልከቺ፣ 40 ስሕተት አለብኝ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" አለችኝ። "40 የለብሽም፣ የመጀመሪያውን አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበችልኝ። ኮማ ነበር።

በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]